ያላየሁት መስቀል

ይህን ነገር ነፍስ አባቴም አያውቁትም። ጾም መግደፌን፣ ሰው ማማቴን፣ የጎረቤቴን ድንበር በአንድ ፈር መግፋቴን ሳይቀር ነግሬያቸው ሰግጃለሁ። ይህቺን ግን ጉንጬ ሥር እንደተደበቀች ቆሎ ይዣት አረጀሁ። እንግዲህ እናንተ ስሙኝ።

እኔ በመንዝ የወሰን ሽማግሌ ነበርኩ። ሁለት ገበሬዎች በድንበር ሲጣሉ “አያ ሽፈራው አይቶታል” ከተባለ ነገሩ አለቀ። ደርግ ወድቆ፣ መሬት እንደገና ሊደለደል ነው በሚባልበት ዘመን ቃሌ ከገመድ ይበልጥ ነበር። ጉዱ ምን መሰላችሁ? ያን ጊዜ ሁለቱንም ዓይኔን ሞራ ሸፍኖት ነበር። የታሰረ ወይፈን ቄስ መስሎኝ ባርኔጣዬን አንስቼ እጅ ነስቻለሁ፤ ወይፈኑም አልባረከኝም። ድንበሩን የማውቀው በእግሬ ነው። ዓይኔ መድከሙ ከተሰማ ግን ማን ይጠራኛል? ደበቅኩ።

የመስቀል ዕለት ጠዋት ደመራው ተለኩሶ ጭሱ ወደ ፀሐይዋ ሲወጣ፣ አንዱ “መስቀል! ፀሐይዋ ላይ መስቀል!” ብሎ ጮኸ። እልልታው ቀለጠ። ሰው ሁሉ አንጋጠጠ፤ እኔም አንጋጠጥኩ። ያየሁት እርጎ ነው። ሰማዩ ሁሉ እርጎ።

እኔ የታምር ወሬ በመጣ ቁጥር “ያየው ማነው?” እያልኩ የማሾፍ ሰው ነበርኩ። ቄሱ ይህን ያውቃሉና ወደ እኔ ዞረው “እህ፣ ሽፈራው! ዛሬስ ምን ትላለህ?” አሉኝ።

“አየሁ” አልኩ። እሱ መች በቃኝ? “ጫፉ ወርቅ ነው” ብዬ ጨመርኩበት።

እኔ እነሱን ሰምቼ አየሁ። እነሱስ ማንን ሰምተው አዩ? መስቀሉ አልነበረም አልልም፤ እኔ አላየሁም ነው የምለው።

ከዚያ ሁሉ ሕዝብ አንዲት ሴት ብቻ፣ የሟች ወንድሜ ሚስት ጥሩነሽ፣ “እኔስ አልታየኝም” አለች። ሲመሻሽ ከገብስ መሐል እንክርዳድ የምትለቅም ዓይን ነበራት። እኔ ይህን እያወቅሁ ዝም ማለት እንኳ አቃተኝ? “በይ ጥሩነሽ፣ የሰማይ ቤት በር ተዘጋብሽ!” አልኳት። ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። እሷ አልሳቀችም።

በማግስቱ ከቤቷ ጀርባ ቆማ ፀሐይዋ ላይ ስታፈጥ አዩዋት። በሦስተኛውም ቀን፣ ከዚያም በኋላ። “ኃጢአቷ ጋርዷት ነው” ይላሉ፤ እሷም አመነች። ተዪ ልላት ሄጄ ከደጇ ተመለስኩ። “እኔም አላየሁም” ካላልኩ፣ ምን ብዬ ተዪ እላታለሁ?

ዓይኗ ተቃጠለ። የምታየው ነገር ሁሉ መሐሉ ጥቁር ሆነባት፤ ዳር ዳሩ ብቻ ቀረላት። ሰው ለማየት አንገቷን ዘወር ታደርጋለች።

ከዓመታት በኋላ የዓይን ሐኪሞች መሐል ሜዳ ከተማ መጡ ተባለና አብረን ሄድን። ሐኪሙ “ሞራው መቼ ጀመረዎት?” ሲለኝ፣ እሷ አጠገቤ ነበረችና “በቅርቡ” አልኩ። ገፈፈልኝ። የእሷን ዓይን በባትሪ አይቶ “እናቴ፣ ፀሐይ ላይ አፍጥጠው ያውቃሉ?” አላት።

“አንድ ነገር ጠፍቶኝ ስፈልግ ነበር” አለችው።

አይመለስም አላት። ስንወጣ እጄን ይዛ “እሰይ አያ! መስቀሉን ያየ ዓይን መች ይጠፋል!” አለችኝ። አዲሱ ዓይኔ መሬት መሬት አየ።

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ መስቀል ሲሆን ትመጣለች። “አያ፣ እስቲ ይንገሩኝ፤ ምን ይመስል ነበር?” እነግራታለሁ። ያ መስቀል በየዓመቱ ያድጋል፤ አምና ዕንቁ ጨመርኩለት፤ ዘንድሮ ካልተጠነቀቅሁ ደወል ሳላንጠለጥልበት አልቀርም።

ነገ መስቀል ነው። እውነቱን ብነግራት ዓይኗ የጠፋው በእኔ ቀልድ ሆነ። ባልነግራት ኃጢአተኛ ነኝ እንዳለች ትሞታለች። የምፈራው ለእሷ ነው ወይስ ለስሜ? ነገ እነግራታለሁ እላለሁ። አምናም ብዬ ነበር።

ማሩኝ አልላችሁም፤ የጠፋው የእናንተ ዓይን አይደለም። ነገ ደጃፌ ላይ ቆማ አንገቷን ዘወር እያደረገች ትፈልገኛለች። ቀጥ ብላ ካየችኝ፣ እኔ በተቀመጥኩበት ላይ የሚታያት ጥቁር ነገር ብቻ ነው።

ያን ጊዜም ልክ አይታ ነበር፤ አሁንም ልክ ታያለች።