የቧንቧው መዋጮና ደመናው

ዛሬ ከሰዓት በመቐለ ሰማይ ላይ ደመና ሲጠቁር ወደ ቤቴ ሮጥኩ።

የምንጭ ውሃ ለሦስት መንደር ለማድረስ፣ ጣልያን ጥሎት የሄደውን ቧንቧ ልንገዛ ነው። መዋጮው እኔ ዘንድ ነው። ገበሬው ብር ስለሌለው ያዋጣው አሞሌ ጨው ነው፤ እስከ ሰኞ ገበያ ድረስ ጣሪያው በሚያፈስ ቤቴ ደርድሬዋለሁ።

አንድ ዝናብ ካገኘው ሟሙቶ ያልቃል።

የምንተኛበትን ቁርበት አለበስኩት። (ሚስቴ «ዛሬ ምን ላይ ልንተኛ ነው?» ብላ ተቆጣችኝ።)

የመንደሮቹ ሽማግሌ አቦይ ሓጎስ ደጄ ላይ ቆመው ሰማዩን አዩ። «ወደይ፣ ልጄ፣ ዓመቱን ሙሉ ዝናብ ስንለምን ከረምን። ዛሬ ግን አያምጣው በል» አሉኝ።

አብረን እግዜርን ለመንን። ከዚያ ይበልጥ ፈራሁ፤ ሰምቶን ክረምቱን ሁሉ ቢከለክለንስ?

እናንተስ የምትሹት ነገር እንዳይመጣ ለምናችሁ ታውቃላችሁ?