የእህቴ ፈረንሳይኛ

ኮሮና በገባበት ዓመት ካዚኖዎቹ ተዘግተው ሲከፈቱ እኔን መልሶ የጠራኝ አልነበረም። ዳውንታውን ካለው ሆቴል ከክፍል ጽዳት ሥራዬ ሌይኦፍ ተደርጌ፣ ሰንራይዝ ማነር የሚባል ሰፈር ባለችው አፓርታማችን ከልጄ ጋር እውላለሁ። እሷ አስረኛ ክፍል ናት፤ ትምህርቱ ሁሉ በኮምፒውተር ነው። አንድ ጠዋት ሽንኩርት እየከተፍኩ ሳለ መጣችና፣

«ማሚ፣ ፈረንች ትችያለሽ?» አለችኝ።

«አልችልም። ምነው?»

«የሂስትሪ ፕሮጀክት አለብኝ። ድሮ እንግሊዝ አገር ኪንጉም፣ ትልልቅ ሰዎቹም የሚያወሩት ፈረንች ነበር። አንቲስ ትችላለች?»

አትችልም ማለት አማረኝ። «ትችላለች» አልኳት በመጨረሻ።

እህቴን ማለቷ ነው። ብዙ ትበልጠኛለች። ገና በደርግ ዘመን በጅቡቲ በኩል ተሰዳ እዚህ ገባች፤ ዛሬ ሀብታሞቹ ሰፈር፣ ሰመርሊን ውስጥ ቤት አላት፣ የሒሳብ ሠራተኛ ናት። እኔ በዲቪ የመጣሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። አባታችን ድሬዳዋ የባቡር መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበር። በዚያ መሥሪያ ቤት ደብዳቤውም ትእዛዙም በፈረንሳይኛ ነበርና አባባ የመጀመሪያ ልጁን ፈረንሳይ ትምህርት ቤት አስገባት። እኔ ስደርስ አቅሙ አልነበረም፤ የመንግሥት ትምህርት ቤት ገባሁ። ራት ላይ ሁለቱ በፈረንሳይኛ ያወራሉ፤ እናቴና እኔ እናቀርባለን። አንዳንዴ በመሀል ስሜን እሰማለሁ፤ ከዚያ ይስቃሉ። ምን እንዳሉ የነገረኝ የለም።

ልጄ ለአክስቷ በቪዲዮ መደወል ጀመረች። በሳምንት አንዴ የነበረው በየቀኑ ሆነ። እህቴ አንድ የፈረንሳይኛ ቃል ትጠራለች፤ ልጄ ያንኑ ቃል እንግሊዝኛ ውስጥ ታገኘውና ትጮኻለች፤ ኮርት፣ ጀጅ፣ ጁሪ። ሳቃቸው ከመኝታ ቤት እኔ ጋ ይደርሳል። ከእኔ ጋር እንዲህ የሳቀችው መቼ እንደሆነ ላስታውስ አልቻልኩም። ድስት አንኳኳለሁ፣ የቴሌቪዥኑን ድምፅ እጨምራለሁ። 

ምግብ ላይ ደግሞ የተማረችውን ትነግረኛለች። የኖርማንዲ መስፍን ባሕር ተሻግሮ እንግሊዝን ከያዘ በኋላ ቤተ መንግሥቱ በፈረንሳይኛ ሲያወራ ገበሬው በእንግሊዝኛው እንደ ቀረ፤ እያደር የጌቶቹ ልጆች ራሳቸው በእንግሊዝኛ አፋቸውን እየፈቱ ፈረንሳይኛን ከአስተማሪ መማር እንደ ጀመሩ፤ ፍርድ ቤት ግን አልለቅም ብሎ እንደ ቆየ።

«ጠበቆቹ በፈረንች ይከራከራሉ፤ ሰውየው የራሱ ኬዝ ሆኖ ምን እንደሚሉ አይገባውም። ኢማጂን አድርጊ፣ ማሚ!»

«አውቀዋለሁ» አልኳት። ምን ማለቴ እንደሆነ አልጠየቀችኝም።

አንድ እሑድ እህቴ መጣች። በሽታውን ስለምንፈራ ደጅ፣ መኪና ማቆሚያው ጥላ ሥር ወንበር ዘርግተን፣ ማስክ አድርገን ተራርቀን ተቀመጥን። ሰላምታችንን እንኳ በወጉ ሳንጨርስ ልጄ በፈረንሳይኛ የሆነ ነገር አለቻት። እህቴ መለሰችላት። ሁለቱም ወደ እኔ ዞረው ሳቁ።

«በገዛ ቤቴ፣ በገዛ ልጄ አፍ አትሙኝ!» አልኩ። ድምፄ ራሴንም አስደነገጠኝ። «አባባን መውሰድሽ አልበቃ ብሎ ልጄን ወሰድሽብኝ። ዛሬም እናንተ ጌቶች፣ እኔ ወጥ አቅራቢ!»

እህቴ ማስኳን ወደ አገጯ አወረደች። «ልጅሽ፣ እናቴ ዛሬ አምራለች ነው ያለችኝ» አለች ቀስ ብላ። ቀጥላም፣ «ከአባባ ጋር ጨዋታ መሰለሽ? ፈተና ነበር። በተሳሳትኩ ቁጥር ከጠረጴዛው ሥር ይቆነጥጠኛል። የምስቀው እንዳላለቅስ ነው። አንቺን ግን በአማርኛ ተረት እያወራ ያስተኛሽ ነበር። ከመጋረጃው ወዲህ ሆኜ እሰማለሁ። ስቀናብሽ ነው ያደግኩት» አለችኝ።

 ተረቶቹን አስታወስኳቸው፤ ደስ ይሉ ነበር። ያም ሆኖ ልቤ አልተመለሰም።

«እትዬ፣ እኔ ብቆነጠጥ ይሻለኝ ነበር» አልኳት።

አልተቆጣችም፤ ማስኳን ወደ ቦታው መለሰች።

ልጄ ፕሮጀክቷን በዙም ስታቀርብ ካሜራው የማያየኝ ቦታ ቆሜ ሰማኋት። ስለ ንጉሡና ስለ ገበሬው ከተናገረች በኋላ ስለ አያቷ ጨመረች፤ እሱ ቤት ፈረንሳይኛ ጠረጴዛ ላይ፣ አማርኛ ወጥ ቤት ነበር አለች። መምህሯ፣ አንቺስ የትኛውን ትችያለሽ ብላ ጠየቀቻት።

«የወጥ ቤቱን» አለች ልጄ። «ሌላውን ገና እየጀመርኩ ነው።»

ኮራሁ። ወዲያው ግን አክስቷን ስታመሰግን ስሰማ ያው ቅናት ወጋኝ።

በሚቀጥለው ዓመት ሆቴሉ ጠራኝ፤ ልጄም ትምህርት ቤት ስትመለስ ለፈረንሳይኛ ተመዘገበች። ቅዳሜ ቅዳሜ ከአክስቷ ጋር በቪዲዮ ትለማመዳለች። ከሺፍት ስገባ አንዳንዴ ጫማዬን ሳላወልቅ አጠገቧ እቀመጣለሁ። እህቴም ታየኝና ያሉትን ወደ አማርኛ ትመልስልኛለች። በአማርኛ ሲሆን ተራ ወሬ ነው፤ ስለ አየሩ፣ ስለ እህቴ ድመት። አመሰግናታለሁ። ግን ስልኩን ቶሎ እንዲዘጉት እፈልጋለሁ።