«ጋሼ፣ ሎዱስ?»

አጎቴ ማክሰኞ ከኦክላንድ ወደብ የኮንቴይነር ሎድ ጭነው ሳን ሆዜ አድርሰው ተመለሱ። ሐሙስ ጠዋት አረፉ ተባልኩ። እስካሁን ጆሮዬን አላመንኩትም።

አራት ትራክ ነበራቸው። ሾፌሮቻቸውን ሌላ ካምፓኒ ስንቴ ቢጠራቸውም አንድም የሄደ የለም። አንዱ ለልጁ ክርስትና ኦፍ ሲጠይቅ፣ ለሾፌሮቹ ጭነት እየመደብኩ ዲስፓች የማደርገው እኔ ደንግጬ «ጋሼ፣ ሎዱስ?» እላቸው ነበር። እሳቸው የትራኩን ቁልፍ ከግድግዳው ያነሱና፣ «ሎዱን እኔ አደርሰዋለሁ። የልጁ አባት ግን እሱ ብቻ ነው» ብለውኝ ይወጣሉ።

ዛሬ አራቱም ሾፌሮች ለቀብራቸው ኦፍ ጠየቁኝ። እሺ ብዬ ስልኩን ዘጋሁና፣ እንደ ልማዴ ወደ ወንበራቸው ዞሬ «ጋሼ፣ ሎዱስ?» አልኩ።

አራቱም ቁልፎች ግድግዳው ላይ እንደተሰቀሉ ናቸው።