ማንም ያልፈለገው ጉድጓድ

በጃንሆይ ጊዜ ነው። ሁለት ወንድማማቾች የአባታቸውን ርስት ከመካፈላቸው በፊት ውሃው ለሁለቱም ይበቃ እንደሆነ እንዳይ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ገጠር ተላክሁ። መሬቱ ላይ ያለው ጉድጓድ አንድ ብቻ ነው። ይጣሉበታል ብዬ ስሰጋ ታላቁ «ለሱ ይድረሰው» አለ፤ ታናሹም «ኧረ ለሱ!» አለ።

ነገሩ ገረመኝ። ድንጋይ በገመድ አስሬ ብሰድ ውሃው ሞልቷል። በባልዲ ቀድቼ ብቀምሰውም ይጣፍጣል።

«ታዲያ ምን ሆናችሁ?» አልሁ።

«ጌታዬ፣ ቄሱ ጠበል ነው አሉን» አለ ታላቁ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «በሽተኛው ሁሉ እየመጣ እርሻውን ረግጦ ይጨርሰዋል። ከብትማ ከእንግዲህ አፉን አያስነካውም።»

ዘወር ስል የኔዋ በቅሎ ባልዲውን ጨርሳ ከንፈሯን ትልሳለች።