«ምን ቀመሰ?» ይሉ የነበሩት አጎቴ

በቅርቡ ያረፉት አጎቴ በጃንሆይ ዘመን በዲላ ድሬሰር ሆነው ቁስል ሲያጥቡ ኖረዋል። ከቀዶ ሕክምና የወጣ በሽተኛ ዘንድ ሲደርሱ፣ ስፌቱን ሳያዩ በፊት «ምን ቀመሰ?» ብለው ይጠይቁ ነበር።

ታናሽ እህታቸው፣ እናቴ፣ ሆዷን በተቀደደች ጊዜ ሐኪሙ ቀዶ ጥገናው መልካም እንደሆነ ነገረን። እህል ግን እምቢ አላት። አጎቴ የቡላ አጥሚት በማንኪያ ይዘው፣ «አንቺ ግትር፣ ይችን ብቻ ዋጪልኝ» አሏት። «ይተዉኝ ጋሼ፣ ነገ እጠጣለሁ» ያለች ይመስለኛል፤ ቃሉን በእርግጠኝነት መመስከር ይከብደኛል። ሰውነቷ ከስቶ ቁስሉ አልገጥም አለ፤ ቀበርናት።

ከዚያ ወዲህ አጎቴ ባገኙኝ ቁጥር፣ ከሸበትሁም በኋላ፣ ከሰላምታ በፊት «ምን ቀመስህ?» ይሉኝ ነበር።

ከቀብራቸው ከተመለስሁ ጀምሮ ምሳዬ ፊቴ ቀርቦ ይቀዘቅዛል፤ የሚጠይቀኝ የለም።