ሰምጣ የምትሸከም መርከብ

ሜሪ ጴጥሮስ ሚዛን ተፈሪ ተወልዳ ስታድግ፣ ከክረምት ወንዝ የሚበልጥ ውኃ አይታ አታውቅም። አባቷ አቶ ጴጥሮስ ሸዋ ቤንች አጠገብ ባለ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ፓምፕ ይጠግኑ ነበር፤ ትምህርት ሲዘጋ አብራቸው ትውላለች። ቴፒ ምህንድስና ተማረች፣ ባሕር ዳር በመርከብ መሐንዲስነት ሠለጠነች፣ በሃያ ስድስት ዓመቷም ከባድ ጭነት በምታመላልስ የውጭ መርከብ ላይ ተቀጠረች።

መርከቧ እንደ ሌሎቹ አልነበረችም። መሀሏ ሜዳ የሚያህል ዝርግ ወለል ነው፤ ሆዷና ጎኗ ደግሞ ታንክ በታንክ ነው። ክሬን የማያነሳው ጭነት ሲመጣ ታንኮቿን በባሕር ውኃ ሞልታ፣ ሆን ብላ ትሰምጣለች። ወለሉ ከውኃ በታች ሲወርድ ጭነቱ እየተንሳፈፈ በላዩ ይገባል። ከዚያ ውኃው በፓምፕ ይወጣና ጭነቱን ተሸክማ ትነሳለች። ሜሪ ይህን በሥዕል ታውቀዋለች። ቫልቮቹን ክፈቺ በተባለች ቀን ግን እጇ እምቢ አላት። እስከዚያ የተማረችው ሁሉ ውኃ እንዳይገባ ነበር።

በአራተኛው ጉዞ፣ ሞተሩ የተቃጠለ ሌላ መርከብ ሊጭኑ ረፋዱ ላይ መስመጥ ጀመሩ። ሜሪ ከዋናው መሐንዲስ ጋር መቆጣጠሪያ ክፍል ነበረች። ስክሪኑ የግራው ታንክ ግማሽ እንኳ አልሞላም ይላል። እግሯ ደግሞ መርከቧ ወደ ግራ አዘንብላለች ይላታል። ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠውን ብርጭቆ አየች፤ ውኃው በግራ በኩል ከፍ ብሏል። ለመሐንዲሱ ነገረችው። ነፋስ ነው አላትና የግራውን እንድትጨምር አዘዛት።

ስክሪኑን አየች፣ ብርጭቆውን አየች። ምናልባት አዙሯት ይሆናል፤ ባሕር አዲስ ሰው ያዞራል። ለምን እንደሆነ ለራሷም ሳይገባት የግራውን ቫልቭ ዘጋችው።

መሐንዲሱ ፊቱ ተለዋወጠ። በዚህ ሥራ ትእዛዝ መሻር ሰው ይገድላል ብሎ ተቆጣት። ቢሆንም ቫልቩን መልሶ ከመክፈቱ በፊት ሁለት ሰዎች ልኮ ታንኩን በሜትር አስለካው። ሊሞላ ምንም አልቀረውም። የዋሸው ልኩን ወደ ስክሪኑ የሚልከው የታንኩ ጠቋሚ ነበር። ውኃውን ቀንሰው መርከቧን አስተካከሉ፤ ከሰዓት በኋላ ጭነቱ በሰላም ገባ።

ለእረፍት ስትወጣ ሁለት ደብዳቤ ተሰጣት። አንዱ ትእዛዝ በመጣሷ ማስጠንቀቂያ ነው። ሌላው ለዕድገት ያጫታል። በሁለቱም ላይ ያለው ፊርማ የዚያው የዋናው መሐንዲስ ነው።

ሚዛን ገብታ ለአባቷ በአማርኛ አነበበችላቸው። አቶ ጴጥሮስ ሁለቱን ደብዳቤ ተቀብለው ጎን ለጎን አስቀመጧቸው።

«ታዲያ ጥፋት ነው የሠራሽው ወይስ ልማት?»

«እኔም አልገባኝም አባዬ። ስክሪኑ ልክ ሆኖ የተሳሳትኩት እኔ ብሆን ኖሮስ?»

እሳቸውም ጣቢያው ላይ ስንት ጊዜ ሳይጠይቁ ፓምፕ እንዳጠፉ ነገሯት፤ እዚያ ግን ቢሳሳቱ ቡናው ይቆያል እንጂ ሰው አይሰምጥም።

ሜሪ ሦስት ሳምንት አመንትታ ዕድገቱን ተቀበለች። አሁን በእሷ ተራ ታንክ በስክሪን ብቻ አይታመንም፣ በእጅም ይለካል። ሥራ ታዘገያለች ብለው የሚያጉረመርሙ አሉ። ያን ቀን ልክ ነበርሽ ወይ ለሚላት ሁሉ ግን ዛሬም መልሷ «እንጃ» ነው።