ባለ አንድ ዓይኑ ሐኪም

በጃንሆይ ዘመን ነው፤ ወረታ። የወባ መድኃኒት የሚረጩት ሰዎች አንድ ጊዜ የሚንቀሳቀስ ሥዕል አሳይተውን ነበር። በዓመቱ «አዲስ አምጥተናል» ብለው ትምህርት ቤት ጠሩን። የአንዱን ክፍል መስኮት በብርድ ልብስ ጋርደው በጠራራ ፀሐይ አጨለሙት።

እኔ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነኝ፤ የማይረባ ሥዕል ሳይ ያመኛል። በፊተኛው እንኳ ላሟ ላም ትመስል ነበር። ይኼኛው ግን ጉድ ነው! ሐኪም የተባለው ሰውዬ ሁልጊዜ በጎኑ ነው የሚሄደው፤ የሚታየው አንድ ዓይኑ ብቻ። እኛ ዘንድ በአንድ ዓይን የሚሳሉት ሰይጣንና ይሁዳ ናቸው፤ ጻድቅ ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይኑ ያያል። ይህን የማያውቅ ሰው ብሩሽ ይይዛል? ትንኟን ደግሞ ሁለት ትልልቅ ዓይን ሰጥቶ ፊቷን ወደ እኛ አዙሯታል።

ሐኪሙ ትንኟን ማሳደድ ሲጀምር፣ አጠገቤ የተቀመጡት መነኩሲት «አለቃ፣ ምን አድርጋው ነው የሚያሳድዳት?» አሉኝ።

«ሰይጣን ምክንያት ይፈልጋል እንዴ፣ እማሆይ?» አልኳቸው።

ወሬው በየወንበሩ ዞረ። ሐኪሙ ዲዲቲ ረጭቶ ትንኟን ሲጥላት ሴቶቹ አለቀሱ።

ብርድ ልብሱ ተነሣ። የወባው ሰውዬ ፊቱ በርቶ «ነገ ቤት ለቤት እንመጣለን። ለመሆኑ ከማን እንደምትጠነቀቁ ገባችሁ?» አለ።

«ከሐኪሙ!» አልነው ባንድ ድምፅ።

ሰውዬው ደንግጦ ወደ ጓደኛው ዞር ሲል በጎኑ ታየን። እማሆይ አማተቡ።